ቅርጫው ላይ እኛም አለንበት

ቴአትር ቤት የፊት ወንበር አልወድም። አንገቴን ስለሚያመኝ አይደለም። ተዋናዩ ከመድረክ ወርዶ እጄን ይዞ እንዳያስነሣኝ ብዬ ነው። በበዓል ሰሞን ስጋቱ ይብሳል። የበዓል ዝግጅት ሲባል «እስቲ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» የማይል አስተዋዋቂ አይቼ አላውቅም። ታጨበጭባለህ። «አልሰማሁም!» ይላል። ሰምቷል። ደግመህ ታጨበጭባለህ። ይኼ እንግዲህ ተመልካቹን ማሳተፍ ይባላል። እጄ ብቻ የተሳተፈበትን ነገር ተሳትፎ ማለት ግን ይከብደኛል።

ስለዚህ ነርሷ ጓደኛችን «የገና ሰሞን አሳታፊ ቴአትር አለ፣ እንሂድ» ብላ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ስትጽፍ ማንም ቶሎ አልመለሰም። በመጨረሻ ጠበቃዋ «የሚያናግሩኝ ከሆነ እመጣለሁ» አለች። ባንከሩ ደግሞ «የማያናግሩኝ ከሆነ እመጣለሁ» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል፣ የግሩፓችን ሕግ ነው።

ገና በዋለ በማግሥቱ፣ አመሻሹ ላይ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግር ወረድን። የታኅሣሥ መጨረሻ ብርድ ለእግር ጉዞ ይመቻል፣ ቁልቁለት ከሆነ። ሱቆቹ ገሚሱ ተዘግተዋል። መንገዱ ላይ ነጭ የለበሰ ሰው ይበዛል። የሁሉም ሰው ሆድ ሞልቷል። አርባ ምናምን ቀን ጾሞ፣ ትናንት ዶሮና በግ ላይ የወረደ ሕዝብ ነውና አካሄዱም ዝግ ያለ ነው።

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ የድንጋዩ አንበሳ ጋ ስንደርስ ቆም አልን። አዲሱ የንግድ ባንክ ሕንፃ ከጀርባ ከ200 ሜትር በላይ ተመዞ ቆሟል፣ አንበሳውን የጓሮ ድመት አስመስሎታል። ባንከሩ ፎቶ አነሣ። የሕንፃውን ነው እንጂ የአንበሳውን አይደለም። እኔ ደግሞ ሰው ሲቆምልኝ ታሪክ ማውራት እወዳለሁ። ይኼ ቴአትር ቤት ጣልያን «ሲኒማ ማርኮኒ» ብሎ የጀመረው ነው። ኋላ ተስፋፍቶ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል ነው። ስለዚህ ይኼ ትልቅ መድረክ ራሱ የበዓል ሥራ ነው። ወደ ኋላ ከተሄደ ደግሞ ሀገር ፍቅር አለ፣ ፒያሳ። በ1927 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቃረብ፣ እነ መኰንን ሀብተወልድ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ያቋቋሙት ማኅበር ነው የወለደው። እዚያ አዳማጩ መጥቶ ዝም ብሎ እንዲሄድ አልነበረም የሚፈለገው። ተነሥቶ እንዲዘምት ነው።

«ከዚያስ በፊት?» አለች ጠበቃዋ። ከዚያ በፊትማ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ» ነበር፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት። በ1910ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል አዳራሽ ታየ። የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፣ የሚነኩት ግን ሹማምንቱ ናቸው። መኳንንቱ ነገሩ ገባቸው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ። ይኼም አንድ የተመልካች ምላሽ ነው እንግዲህ። ተክለ ሐዋርያት በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ጠበቃዋ ስለ እሳቸው የምታውቀው ይኼን ብቻ ነበር። ተውኔት ጸሐፊ መሆናቸውን ስትሰማ ገረማት።

ቴአትሩ ወደሚታይበት ሌላ አዳራሽ ስንገባ በሩ ላይ ያለው ልጅ ትኬታችንን ቀደደና «የዕጣ ዕቃ?» አለ። ለካ አንድ አንድ የግል ዕቃ መስጠት አለብን። ነርሷ እስክሪብቶ ሰጠች። ጠበቃዋ የከንፈር ቀለም፣ እኔ የአንድ ብር ሳንቲም። ባንከሩ ኪሱን ዳብሶ ዳብሶ የመሥሪያ ቤት መታወቂያውን አወጣ። ልጁ ሳቀ፤ «ጋሼ፣ ስም ያለበትማ አይሆንም። ዕጣ ነው እኮ።» የቤቱን ቁልፍ ሰጠ። ቅርጫ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው ዕቃዎቹን በየመደቡ ላይ የሚያስቀምጣቸው። ያኔ ማንም «ታናሹ ለኔ፣ አጥንቱ ለሱ» ብሎ አይጣላም።

ውስጥ መድረክ የለም። ወንበሮቹ በአራቱም ማዕዘን ናቸው። መሬቱ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። መሃል ላይ ሰፋፊ ቅጠል ተነጥፎ አሥር መደብ «ሥጋ» ተደርድሯል። ሥጋው ቀይ ጨርቅ ነው። ጉበቱ ከፋይ፣ ሻኛው ነጭ ጥጥ። ይኼን የሰፋ ሰው በሬ በደንብ ያውቃል፤ ጎድኑ ሳይቀር ተለይቶ ይታወቃል። ባንከሩ የኋለኛውን ረድፍ መረጠ። እኔም ተከተልኩት። ችግሩ፣ አራት ማዕዘን በሆነ አዳራሽ የኋላ ረድፍ የሚባለው ሁለተኛው ረድፍ ነው።

መብራት ጠፋ። ከጀርባችን ጡሩምባ ተነፋ። አጠገቤ የነበሩት እናት ደረታቸውን ያዙ። እውነታቸውን ነው፤ ሰፈር ውስጥ የዕድር ጡሩምባ ለደስታ ተነፍቶ አያውቅም። ጡሩምባ ነፊው በሁለት ረድፍ መሃል አለፈና «አይዟችሁ፣ ማንም አልሞተም። ቅርጫ ነው!» አለ። ከዚያ አርፍደው የገቡትን አንድ በአንድ አስቁሞ አሥር አሥር ብር ቀጣ። ቅጣቱን የሚቀበልበት ቆርቆሮ ነበረው። ሰው እየሳቀ ከፈለ። የዕድር ቅጣት መክፈል ሁሉም ሰው የለመደው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ግን የፈራሁት ነው። ወንዶች በፉጨት፣ ሴቶች በእልልታ ይወዳደሩ ተባለ። እጃችሁን ወደ ላይ ተባለ። አንዱ ተነሥቶ እስክስታ ወረደ፣ ጥሩ ነበር፣ ግን ሠርግ ቤትም አይቼዋለሁ። ነርሷን አየኋት። «ታገሥ» በሚል ዓይን አየችኝ።

ታሪኩ ሲጀመር ነገሩ ተለወጠ። ሰዎቹ የአንድ ግቢ ጎረቤቶች ነበሩ፣ ፒያሳ፣ የቀበሌ ቤት። ሰፈሩ ፈርሶ ተበትነዋል። አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ልጁ ጋ ተጠግቶ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ዘመድ የሌለው አዲስ አበቤ ጥቂት ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ማንም ማብራሪያ አልፈለገም። ጎረቤቶቹ የተማማሉት አንድ ነገር ነው። የትም ብንሆን ለገና በሬ አብረን እናርዳለን። ግቢ ስለሌለ አዳራሽ ተከራዩ። አዳራሹ ይኼው ነው። እኛ ደግሞ የቅርጫው አባላት ነን።

አሥሩ መደብ ተስተካክሎ፣ ዕጣ ሊጣል ሲል በሩ ተከፈተ። ድሮ ግቢው ውስጥ ጠላ ትሸጥ የነበረችው ሴት ገባች። ጎድጓዳ ሳህን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናለች። ሁሉንም በየስሙ ጠርታ ሳመች። ከዚያ ሳህኗን አስቀመጠች። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን አገላበጠ። «ስምሽ የለም» አላት። አሥር ሰው ከፍሏል፣ አሥር መደብ አለ። አሥራ አንደኛ የለም።

እዚህ ላይ ጡሩምባ ነፊው ወደኛ ዞረ። «እንግዲህ ቅርጫው የናንተ ነው። ምን ይደረግ?»

መጀመሪያ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ አንድ ወጣት «ከየመደቡ ትንሽ ትንሽ ይነሣላት» አለ። ጭብጨባ። ቀላል ነው፣ ጨርቅ ነው እኮ የሚቀነሰው። ቀጥሎ ማን ተነሣ? ጠበቃችን። «መጀመሪያ አንድ ነገር ይጣራ። ዕጣው ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ከወጣ መደቡ የየባለቤቱ ነው፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ አይነካም። ካልወጣ ግን ሥጋው ገና የጋራ ነው፣ የጋራ ውሳኔ ይበቃዋል።» ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጡሩምባ ነፊውም አልሳቀም፤ «አልወጣም» ብሎ መለሰላት፣ ውይይቱም ከዚያ በኋላ በዚያው መስመር ሄደ። ድሮ በላ ልበልሃ እየተባለ መንገድ ዳር በሚሟገቱበት ዘመን ብትኖር ኖሮ ይቺ ልጅ ነጠላዋን አደግድጋ ችሎት ታስጨንቅ ነበር። ሙግቱ ራሱ ያኔ ትዕይንት ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማል፣ ባለሙያው በግጥም ይረታል፣ ዳኛ ቢያስፈልግ ከመንገደኛው መሃል ይመረጣል።

ከዚያ ደረታቸውን የያዙት እናት እጃቸውን እንኳ ሳያወጡ ተናገሩ። ለተዋናይቷ ነው፤ «ቆይ እስቲ ልጄ፣ በሬው ሲገዛ ማን ደወለልሽ?»

ተዋናይቷ አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ወደ ገንዘብ ያዡ ዞረች። እሱ ደብተሩን እንደገና ገለጠ። ምን እንደሚፈልግ አላውቅም፣ ደብተሩ ባዶ መሆኑ ከኔ ወንበር ይታያል። «የድሮ ስልኳ አይሠራም» አለ በመጨረሻ። «ሠፈሩ ከፈረሰ ቁጥሯን አላገኘሁትም።»

«አልፈለግከውማ!» አሉ እማማ።

ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። የትወና ይሁን የእውነት አልለየሁም። ግን በዚያች ደቂቃ ቴአትሩ ከተዋንያኑ እጅ ወጥቷል። አንድ ጥያቄ ናት ያወጣችው። እስከዚያ ድረስ የምንከራከረው ስላልከፈለች ሴት ነበር። ከዚያ በኋላ ስላልጠራት ሰው ሆነ።

አሳታፊ ቴአትር ካልኩት አይቀር፣ እኔ የምፈልገው ይኼን ነው። ተዋናዩ ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቅ አለበት። ተመልካቹ የሚለው ነገር አንድ ነገር ካልቀየረ ጭብጨባ ይበቃል፣ ሰውን ማስቸገር አያስፈልግም። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በ1970ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ይኼን አጥብቆ ሠርቶበታል። ተውኔቱ አንዴ ይታያል፣ ከዚያ ይደገማል። ሲደገም ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ መግባት፣ የተበደለውን ሰው ቦታ ይዞ ሌላ መንገድ መሞከር ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ትሰጠዋለህ፣ ተቀብሎ በመሰንቆው ያወርደዋል። ደካማ ከሰጠኸው ያዋርድሃል። ጎበዝ አዝማሪ የምትሰጠውን አያውቅም፣ ግን አይደነግጥም። ብሩን ግንባሩ ላይ የምትለጥፍለት ለድምፁ ብቻ አይደለም።

እኔ ይኼን እያሰብኩ ሳለ አጠገቤ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ባንከሩ ቆሟል። ማንም አላስነሣውም።

«ይቅርታ፣ ሁሉም ሰው ከፍሏል። እሷ አልከፈለችም። ደውሎ መጠየቅ የሷም ድርሻ ነበር። በሬ በነፃ አይገዛም።»

አዳራሹ ጮኸበት። እውነተኛ ጩኸት ነው። አንዲት ልጅ «ውይ፣ ባንክ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለች። እኛ ሦስታችን ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። እሱ አልተቀመጠም። ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን ነፍቶ ሰውን ዝም አሰኘና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! ይናገር» አለ።

በትክክለኛ ቦታዋ የገባች ተረት ናት። ገና ሲጫወቱ፣ ጃንሜዳም ሆነ ገጠር፣ ሁለቱ ቡድኖች በዱላ ብቻ አይደለም የሚገጥሙት። በግጥም ይሰዳደባሉ፣ ያሸነፈው የተሸነፈውን ይዘልፋል። ተዘላፊው ባላባት ሊሆን ይችላል። ለዚያ ቀን አይቆጣም። በሌላ ቀን ቢባል የሚያስገርፍ ነገር በበዓሉ ቀን ይባላል። እኔ እስከ ዛሬ ይኼን ተረት ሰምቼ የማስበው ትንሹ ትልቁን ሲናገር ነበር። ያን ማታ ግን ፈቃዱ ያስፈለገው ብዙኃኑ የማይወደውን ለተናገረ አንድ ሰው ነው። ከኛ ሁሉ ከባዱን ነገር ያደረገው እሱ ይመስለኛል። የተቀረነው በበዓል የሚባለውን ነው ያልነው። ይነሣላት፣ ይሰጣት፣ ጎረቤት ናት። ማን ይቃወማል? ባንከሩ ባይነሣ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ተስማምተን የምንሳሳምበት ይሆን ነበር።

ተዋናይቷ ወደሱ መጣች። «ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ስንት ነው?» አለችው። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታች። ብጫቂ ብጫቂ ብር ነው። ተንበርክካ ቅጠሉ ላይ መቁጠር ጀመረች። ቀስ ብላ ቆጠረች፣ ከሚገባው በላይ ቀስ ብላ። እንደማይበቃ ሁላችንም ይታየናል።

ይኼኔ ነው ያልታሰበው የመጣው። ከማዶ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ መቶ ብር ቅጠሉ ላይ አስቀመጠ። የእውነት መቶ ብር። ሌላዋ ሃምሳ ጨመረች። ከዚያማ ማን ይመልሰው፣ ብሩ ተከመረ። ተዋንያኑ ተያዩ። ጡሩምባ ነፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጣ። የጨርቅ በሬ በእውነተኛ ብር እየተገዛ ነው። «እሺ... ይኼን ምን እናድርገው?» አለ፤ ይኼ ጥያቄ ከልቡ ነበር። ጠበቃችን «ደረሰኝ ይቆረጥ» አለች። እማማ ግን ፈረዱ። ከቅጣቱ ጋር ተደምሮ አዳራሹን ለሚያጸዱት ልጆች የበዓል ይሰጥ። ማንም አልተቃወመም፣ ባንከሩም ጭምር። ቆርቆሮው እዚያው ፊታችን ለጽዳት ሠራተኞቹ ተሰጠ።

የቀረው ቶሎ አለቀ። በእጅ ማውጣት ድምፅ ተሰጠ፣ ከየመደቡ ተነሥቶ አሥራ አንደኛ መደብ ተሠራ፣ ገንዘብ ያዡ የሴትዮዋን ስልክ ጻፈ። አንዲት ሕፃን ከተመልካች መሃል ተጠርታ ዕጣ ጣለች። የኔ ሳንቲም ጨጓራ ላይ ወደቀች። ዳቦ ተቆረሰ፣ የእውነት ዳቦ፣ ለሁሉም ደረሰ። ባንከሩ ዳቦውን እየበላ ቁልፉን ይፈልግ ነበር።

መውጫው ላይ ገንዘብ ያዡን አገኘነው። አሁንም ላብ አለው። ለስንት ዓይነት መጨረሻ እንደተዘጋጁ ጠየቅሁት። «ለሦስት» አለ። «የዛሬው ከሦስቱም አይደለም። ብር የሚያወጣ ሰው ይመጣል ብለን አላሰብንም።» ሌላ ማታ ደግሞ ተመልካቹ «ትውጣ» ብሎ በድምፅ ብልጫ አስወጥቷት ነበር አሉ። ምን አደረጋችሁ ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። «ወጣቻ። ቴአትሩ በአርባ ደቂቃ አለቀ። ሰው ትኬቱ ተወደደብን ብሎ አጉረመረመ።» ይኼን ማታ ባየሁት እወድ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከኛ ማታ ይልቅ የሚያነጋግረው እሱ ይመስለኛል።

ስታዲየም አካባቢ ክፍት ካፌ አግኝተን ማኪያቶ አዘዝን። ነርሷ ባንከሩን እስከዚያ ድረስ ታግሣዋለች። «አሁን ንገረኝ፣ ያቺ ሴት ምን አርጋህ ነው?»

ስኳሩን አማሰለ። «ግቢያችን ውስጥ የቅርጫ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ» አለ። አናውቅም ነበር። «በሬው መጀመሪያ ይገዛል፣ ብሩ በኋላ ይሰበሰባል። በበዓል ቀን ሥጋ የማይፈልግ የለም። በማግሥቱ ስልክ የሚያነሣ የለም። የጎደለውን ማን እንደሚሞላ ታውቃላችሁ?»

«ታዲያ ይኼን እዚያ ለምን አላልክም? ሰው ይረዳህ ነበር እኮ» አለች ነርሷ።

«ማን ጠየቀኝ? እሷን ማን ደወለልሽ ብለው ጠየቋት። እኔን ባንክ ነው የሚሠራው ብለው ሳቁብኝ። እናንተም ስቃችኋል።»

ስቀናል። ጠበቃዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «ይግባኝ ማለት ትችላለህ» አለችው። «እስከ እሑድ ይታያል።»

«ትኬቱን ከቻላችሁኝ» አለ ባንከሩ።